አለመምታትም አገልግሎት ነው?

በወጣትነቴ ነቀምቴ ውስጥ የመዘምራን ድራመር ነበርኩ። አንድ የጸሎት ምሽት፣ ጉባኤው ጸጥ ባለበት፣ አንዲት እናት በአፋን ኦሮሞ ቀስ ብለው ዝማሬ ጀመሩ። ጸጥታው ባዶ መሰለኝና ስቲኬን አነሳሁ። ምቱ ደመቀ፣ ወጣቱ አጨበጨበ፤ የእናታችን ድምፅ ግን ጠፋ። ያን ቀን «ተባረክ» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው። እሳቸው ግን የጀመሩትን ሳይጨርሱ ተቀመጡ።

ውድ ወጣቶች፣ ጥያቄዬ ከዚህ ይነሳል፦ መምታት የተሰጠው ሰው አለመምታቱ አገልግሎት ሊባል ይችላል?

ቢል ብሩፎርድ ጃዝንና ሮክን አዋሕደው መድረክ ላይ በቅጽበት እየፈጠሩ ከሚጫወቱ እንግሊዛውያን ድራመሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 «የስ» የተባለው ቡድኑ ዝናው በገነነበት ጊዜ ትቶት ወደ «ኪንግ ክሪምሰን» ገባ፤ በዚያ አስቀድሞ ያልተጻፈ ሙዚቃ ይጫወቱ ነበርና። በኖቬምበር 1973 አምስተርዳም ላይ ሦስቱ ጓደኞቹ በቫዮሊን፣ በቤዝና በኪቦርድ አንድ ለስላሳ ዜማ መፍጠር ጀመሩ። ብሩፎርድ ስቲኮቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ተቀመጠ፤ አንድም ጊዜ አልመታም። ዜማው «ትሪዮ» ተብሎ በ1974 በአልበም ሲወጣ ጓደኞቹ የእሱንም ስም ከደራሲዎቹ ጋር አሰፈሩ። መቆጠቡን እንደ ድርሻ ቆጠሩለት።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተማሩትን የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄን አድምጡ። ቫይብራፎኑን ጥቂት ይመቱና ድምፁ እስኪከስም ቦታ ይሰጡታል።

«ታዲያ መክሊቱን የቀበረውስ ዝም አላለም?» ትሉኝ ይሆናል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እሱ ግን ፈርቶ ዞር አለ። ብሩፎርድ ከመድረኩ አልወረደም፤ ስቲኩ በእጁ፣ ጆሮው ከጓደኞቹ ጋር ነበር። ልዩነቱ ዝምታው ለማን ነው የሚለው ላይ ነው። ራስን ለማዳን ዝም ማለት መቅበር ነው፤ ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ ዝም ማለት መስጠት ነው። ስለዚህ ጓደኛችሁ ሲበደል ዝም ብትሉ ይህን ታሪክ ምክንያት አታድርጉት።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ አንዱ እየተናገረ ሳለ ለሌላው መልእክት ቢመጣለት የመጀመሪያው ተራውን እንዲለቅ ያሳስባል። ይህን ያለው የመጀመሪያው ጸጋ ስለሌለው አይደለም። ጸጋ ያለው ሰው ራሱን መግዛት ስለሚችል ነው።

እኔ ያን ምሽት መምታት እንጂ ማድመጥ አልተማርኩም ነበር። እናንተ በነቀምቴም፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ፣ ድራም ላይ ብትቀመጡ ወይም በወጣቶች ስብሰባ ለመናገር እጃችሁን ብታነሱ፣ አስቀድማችሁ ይህን ጠይቁ፦ እኔ ስጀምር የማን ድምፅ ይጠፋል?