ፊርማ በውሰት ይሰጣልን?

ሰው ድስቱን ለጎረቤት ያውሳል፤ መጥረቢያውንም፣ ገንዘቡንም። ምስክርነቱንስ ማዋስ ይችላልን? ጥያቄው ተራ ቢመስልም ዛሬ በአሜሪካ በየክሊኒኩ የሚነሳ ነው። በዚያ ሙያ የተሰማሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆችም ሳትሰሙት አትቀሩም።

እንደሚታወቀው ሞርፊንና ኦክሲኮዶንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ሕመም ያስታግሳሉ፤ ሱስም ያስይዛሉ። በወረቀት ሲታዘዙ ወረቀቱ ይሰረቅ፣ ቁጥሩም ይፋቅ ነበር። የአገሪቱ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ደንብ ማዘዣው በኮምፒውተር እንዲላክ ፈቀደ። ኒውዮርክ ደግሞ በ2016 ግዴታ አደረገችው። ደንቡ ከሐኪሙ ሁለት ማረጋገጫ ይሻል፦ ከሚያውቀው የምስጢር ቃል፣ ከእጁ ከማይለየው መሣሪያ፣ እንደ ጣት አሻራ ካለው የአካሉ ምልክት ሁለቱን። ነርሷ ወይም ጸሐፊዋ ማዘዣውን አዘጋጅታ ልትጠብቀው ትችላለች። መፈረም ግን የእርሱ ብቻ ነው፤ መሣሪያውን ለማንም አሳልፎ መስጠት አይፈቀድለትም።

እስቲ አንድ ሁኔታ እናስብ። ሐኪሙ ሌላ በሽተኛ ይዟል። ውጭ ካንሰር የሚያሠቃያቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። መድኃኒቱም መጠኑም ትናንት የተወሰነ ነው። ሐኪሙ መሣሪያውን ለነርሷ ሰጥቶ «በይ አንቺው ጨርሺው» ቢላትስ? ማን ተጎዳ? መድኃኒቱ ያው፣ በሽተኛውም ያው። አድራጎቱ እንዲያውም ርኅራኄ ይመስላል።

ነገር ግን ፊርማው «መድኃኒቱ ትክክል ነው» ማለት ብቻ አይደለም። «ያየሁት እኔ ነኝ፤ ብሳሳት የምጠየቀውም እኔ ነኝ» የሚል ቃል ነው። ያልተናገረን ሰው ተናገረ ማሰኘት፣ ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ውሸት ነው። ደግሞ ነርሷን አስቧት። እምቢ ብትል ከአለቃዋ ትጣላለች፤ እሺ ብትል የሌላ ሰው አማና ተሸክማ ወደ ቤቷ ትገባለች። የሐኪሙ ደግነት ዋጋው የተከፈለው በእርሷ ጫንቃ ነው።

«ለታማኝ ሐኪም ይህ ሁሉ ጥበቃ ስድብ አይደለምን?» የሚሉም አሉ። ብድርን በጽሑፍና በምስክር ማጽናት ወንድምን መጠርጠር አለመሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ አያስቸግረንም። መዝገቡ ለታማኙም ጋሻው ነው።

ይሁንና ደንብ ሁሉ ሚዛኑን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ማዘዣው የተላከበት ፋርማሲ መድኃኒቱ ካለቀበት፣ ማዘዣውን ወደ ሌላ ፋርማሲ ማዛወር አይቻልም ነበር፤ ሐኪሙ እንደ አዲስ መላክ ነበረበት። ዓርብ ማታ ሐኪም ፈልጎ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የታመመ ያውቀዋል። በዚህ እንግልት የተቀጣው ሌባው ሳይሆን በሽተኛው ነበር። የግዛቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ፣ በበሽተኛው ጥያቄ አንድ ጊዜ ማዛወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2023 ጀምሮ ነው። ያ ደንብ መለወጡ ተገቢ ነበር።

ውጭ የተቀመጡትን ሽማግሌ በተመለከተ ግን ሐኪሙ ተነስቶ ለመፈረም የሚፈጅበት ሁለት ደቂቃ ነው። የያዘውን በሽተኛ ይቅርታ ጠይቆ ይምጣ።