የመሬት ደብተርና የምድር ባለቤት

ምዕራቡ በደጋው ተራሮች፣ ምሥራቁ በዞብል ሰንሰለት የተያዘው የራያ ቆቦ ሜዳ፣ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅለውን ለም አፈር ያገኘው ከላይ ከሚወርዱት ከሆርማትና ከጎሊና ወንዞች ስለ ሆነ፣ የክረምቱን ጎርፍ በቦይ እየጠለፈ የሚያርሰው ገበሬ፣ ምድር የተሰጠችው እንጂ እርሱ ያበጃት አለመሆኗን ከማንም ሰባኪ ሳይማር ያውቃል። ይኸው ገበሬ ግን ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሲሄድ፣ በፌስታል የጠቀለለውን የይዞታ ደብተር በብብቱ ይዞ ነው። ደብተሩ ሲገለጥ የእርሱና የሚስቱ ፎቶግራፍ ይታያል፤ የማሳው ስፋት ተጽፏል፤ በአራቱም ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ተዘርዝሯል፤ ማኅተምም አርፎበታል። እንግዲህ ምድርና መላዋ የእግዚአብሔር ከሆነች፣ ይህ ማኅተም የሚያጸናው የማንን ነገር ነው?

ጥያቄው ለመራቀቅ ያህል የተነሣ አይደለም። የኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ ርስትን ለዘለዓለም መሸጥን ሲከለክል፣ ምክንያት አድርጎ የሚያቀርበው የሰውን በእግዚአብሔር ርስት ላይ በእንግድነት መቀመጥ ነው። በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ፣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጽ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑንና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥ ደንግጓል። (ሁለቱ ሕግጋት በክልከላው ቢገናኙም በባለቤቱ ይለያያሉ፤ መንግሥት በእግዚአብሔር ወንበር ሲቀመጥ ኢዮቤልዩን፣ የምሕረቱን ዓመት፣ አብሮ መቀበሉን ማንም አላረጋገጠልንም።) ገበሬው ያርሳል፣ ያወርሳል፣ ያከራያል፣ በስጦታ ያስተላልፋል፤ አይሸጥም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በብዙ ስፍራ የተደረገው የመሬት ሽግሽግ የሰውን ልብ ካናወጠ በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 46/1992፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ይዞታ እንዲመዘገብና ደብተር እንዲሰጥ አዘዙ።

ርስትን በጽሑፍ ማጽናት ግን ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋር የተወለደ ነገር አይደለም። አበው የመሬት ስጦታን የሚጽፉት በወንጌል ብራና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌልና በሽመዛና የደብረ ሊባኖስ ወርቀ ወንጌል እንዲህ ያለውን መዝገብ እስከ ዛሬ ይዘው ይገኛሉ፤ የንጉሥ ላሊበላ ስጦታ ሳይቀር በኋለኛው ሰፍሯል። ጸሐፊውም የምስክሮቹን ስም ከዘረዘረ በኋላ፣ ቃሉን የሚሽረውን ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። የንጉሥ ክንድ በማይደርስበት ስፍራና ዘመን ግዘቱ ይደርስ ነበርና፣ ይህን አሠራር የድንቁርና ምልክት አድርገው የሚስቁበት ሰዎች ነገሩን የመረመሩት አይመስለኝም። ሆኖም አንድ ነገር መካድ አይቻልም፤ በወንጌሉ ገጽ የተጻፈው የነገሥታቱ፣ የመኳንንቱና የገዳማቱ ስም ነው፤ በዚያ መሬት ላይ ሞፈር ጨብጦ የዋለው ሰው ስም አይገኝም፤ ከኋላው ዘር የበተነችው ሚስቱማ ከቶ የምትታሰብ አልነበረችም። ዛሬ ፎቶግራፏ ከባሏ ጎን ተለጥፎ፣ ስሟ ከስሙ ጋር በመዝገብ መስፈሩ፣ ብራናው በክብሩ ሁሉ ያላደረገው ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት ከወንድሞቹ ጋር ስትሟገት ይህ ገጽ ምን ማለት እንደ ሆነ እርሷ ታውቃለች።

እኔ እንደሚመስለኝ፣ በመዝገቡ የሚጸናው ሰው በአፈር ላይ ያለው ጌትነት አይደለም፤ የጎረቤት ምስክርነት ነው። ገበሬዎቹ የመረጧቸው የቀበሌ ኮሚቴ አባላት ማሳውን ሲዞሩ፣ አዋሳኙ ቆሞ «እስከዚህ የእርሱ ነው፣ ከዚህ ወዲያ የእኔ» ካላለ፣ በመዝገቡ የሚገባው ቃል ከየት ይመጣል? ድንበር ገፍቶ በማግሥቱ የሚምል ሰው ያለበት መዝገብ፣ ማኅተሙ ቢበዛ ሐሰት ነው። ኤልዛቤልም የናቡቴን የወይን ቦታ የነጠቀችው በአክዓብ ማኅተም በታተመ ደብዳቤና በሁለት የሐሰት ምስክሮች ነበር። በራያ ጎን ለጎን የሚኖሩት ሙስሊሞችም ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ የሚረዝመው ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚያዝዘው መሆኑን ከሼኾቻቸው ሰምተዋልና፣ ጽሕፈቱ ያለ እማኝ፣ እማኙም ያለ ፈሪሃ እግዚአብሔር እንደማይቆም በዚህ ሜዳ የሚከራከር የለም።

ነቢዩ ኤርምያስ ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ ሳለች የዓናቶትን እርሻ በ17 ሰቅል ብር ገዝቶ፣ የታተመውንና የተከፈተውን ውል ባሮክ በሸክላ ዕቃ እንዲያኖር ያዘዘው፣ ለዓለማዊ አእምሮ እብደት የሚመስል ሥራ ነው፤ ጠላት ለሚወስደው መሬት ማን ውል ይጽፋል? ቆቦም በሐምሌ 2013 ዓ.ም.፣ ዳግመኛም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በጦርነት እጅ ስትወድቅ፣ ደብተሩን ከልጆቹ የክርስትና ወረቀት ጋር በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ስለ ተሰደደ ሰው ሲነገር ሰምቼ፣ ኤርምያስን ያን ጊዜ በተሻለ የተረዳሁት ይመስለኛል። እመለሳለሁ የማይል ሰው ወረቀት አይሸከምም።

ጦር ካልወሰደው ደግሞ ወንዙ ይወስዳል። ሆርማት አንድ ክረምት መንገዱን ሲለውጥ በደብተሩ ሁለት ጥማድ የተባለው ማሳ አሸዋና ጠጠር ይሆናል፤ ባለ ይዞታውም ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቢመጣ የሚለምነው ስፋቱ እንዳይቀነስበት ነው። ለመዝጋቢው ይህ ከንቱ ልመና ሊመስለው ይችላል፤ በሜዳው ላይ የሌለ መሬት በወረቀት ላይ ምን ያደርጋል? ገበሬው ግን ወንዙ ከዓመታት በኋላ ወደ ቀድሞ መንገዱ ሊመለስ እንደሚችል ያውቃል፤ ያን ጊዜ አዲሱን ደለል ማንም መጥቶ እንዳያርሰው፣ የአራቱ አዋሳኞች ስም ከእርሱ ስም ጋር እንደ ነበረ እንዲቆይለት ይሻል። እኔ መዝጋቢ ብሆን አልቀንስበትም።