እስትንፋስና የሞት ድንበር

ሰው ሞተ የሚባለው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ሐኪም ቤት ከመድረሱ በፊት በሃይማኖት ሊቃውንት ዘንድ ሲመረመር ኖሯል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ቁጥር 7 እንደተጻፈው፣ ከምድር አፈር የተበጀው አዳም ሕያው የሆነው እግዚአብሔር በአፍንጫው የሕይወት እስትንፋስ እፍ ባለበት ጊዜ ነው። አፈር በእስትንፋስ ሰው ከሆነ፣ እስትንፋስ ሲለየውም ሰው ወደ አፈርነቱ ይመለሳል ማለት ነው። ይህን እምነት ሥራ ላይ ወደሚውል ሕግ የለወጡት የአይሁድ ሊቃውንት ናቸው።

የባቢሎን ታልሙድ ዮማ በተባለው ክፍሉ የሚከተለውን ጉዳይ ያነሳል። በሰንበት ቀን ቤት ተደርምሶ ሰው ተቀበረ። ነፍስ ለማዳን ሰንበትን መሻር ስለሚፈቀድ ፍርስራሹ ይነሳል። ሰውየው በሕይወት ካለ ቁፋሮው ይቀጥላል፤ ከሞተ ግን ሰንበት እስኪወጣ ሬሳው ባለበት ይቆያል። ታዲያ መሞቱን ለማረጋገጥ እስከ ምኑ ድረስ ይገለጥ? አንዱ ወገን እስከ አፍንጫው ሲል፣ ሌላው እስከ ልቡ ይላል። ራቭ ፓፓ የተባለው ሊቅ ክርክሩን ያጠብበዋል፤ ልዩነቱ ቁፋሮው ከእግር በኩል ሲጀምር ብቻ ነው። ከራስ በኩል ተጀምሮ አፍንጫው ላይ ትንፋሽ ከታጣ ሌላ ምርመራ አያሻም። ማስረጃ የሚሆነው ዘፍጥረት 7፥22 ነው፤ በጥፋት ውኃ ያለቁት ፍጥረታት እዚያ የተገለጹት በአፍንጫቸው የሕይወት እስትንፋስ ያላቸው ተብለው ነውና። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙሴ ማይሞኒደስ፣ በ16ኛው ደግሞ ዮሴፍ ካሮ ባዘጋጇቸው የሕግ መጻሕፍት ይህንኑ የአፍንጫ መለኪያ አጽንተዋል።

መለኪያው ግን ሁለት ፍች አለው። በመጀመሪያው ፍች እስትንፋስ ራሱ ሕይወት ነው፤ ሲቋረጥ ሁሉም አበቃ። በሁለተኛው ፍች እስትንፋስ በውስጥ ላለው ሕይወት ምልክት ብቻ ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ተርጓሚ ራሺ፣ የልብ ትርታ ሳይታወቅ በአፍንጫ ግን ሕይወት የሚለይበት ጊዜ አለ ብሎ ማብራራቱ ለሁለተኛው ፍች በር ይከፍታል። በ1772 እ.ኤ.አ. የሜክለንቡርግ ሽቬሪን መስፍን ሰው በሕይወቱ እንዳይቀበር በመስጋት አይሁዶች ቀብራቸውን ለሦስት ቀን እንዲያቆዩ አዘዘ። ይህ ካስነሳው ሰፊ ክርክር በኋላ የፕሬስቡርጉ ሊቅ ሙሴ ሶፈር (1762–1839) ምልክቶቹን በአንድነት አስቀመጠ፤ ሰውነቱ እንደ ድንጋይ የማይንቀሳቀስ፣ የደም ሥሩ የማይመታ፣ በመጨረሻም ትንፋሹ የቆመ ሰው ሞቷል።

ትንፋሽና የልብ ትርታ ተከታትለው በሚቆሙበት ዘመን ከሁለቱ ፍቾች የትኛውም ቢያዝ በተግባር ልዩነት አልነበረውም። ልዩነቱን ያመጣው ማሽን ነው። በ1952 በኮፐንሃገን ፖሊዮ ሲዛመት፣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን የሕሙማኑን ጉሮሮ በስቶ ቱቦ በማስገባት አየር እንዲሰጣቸው አደረገ፤ የሕክምና ተማሪዎችም እየተፈራረቁ የአየር ከረጢቱን በእጃቸው ሲጨምቁ ሰነበቱ። በኋላ ይህ ሥራ ለማሽን ተላለፈ። በ1959 ሞላሬና ጉሎን የተባሉ ፈረንሳውያን ሐኪሞች አንጎላቸው ፈጽሞ ሥራ ያቆመ፣ ልባቸው ግን በማሽኑ ድጋፍ የሚመታ ሕሙማንን ገለጹ። በ1968 የሃርቫርድ ኮሚቴ ይህ ሁኔታ እንደ ሞት እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ።

ሃይማኖቶች ለአዲሱ መለኪያ ልዩ ልዩ ምላሽ ሰጡ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ ገና በ1957 የሞትን ቅጽበት መወሰን የሐኪም ድርሻ መሆኑን ተናግረው ነበር። በ1986 አማን ላይ የተሰበሰበው የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ የአንጎልን ሙሉና የማይመለስ መቆም እንደ ሞት ተቀበለ። በዚያው ዓመት የእስራኤል ዋና ረቢነት ጽሕፈት ቤት የልብ ንቅለ ተከላን ፈቀደ፤ መከራከሪያውም የአንጎል ግንድ ከሞተ ሰው በራሱ የመተንፈስ ችሎታውን ለዘለዓለም ያጣል የሚል፣ በአሮጌው የአፍንጫ ሕግ ላይ የቆመ ነበር። ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭን የመሳሰሉ ሊቃውንት ግን ልብ እስከመታ ድረስ ሰውየው አልሞተም ብለው ተቃወሙ። ፈላስፋው ሃንስ ዮናስም በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ድንበር በትክክል ካልታወቀ፣ የንቅለ ተከላ ፍላጎት ድንበሩን ሊገፋው አይገባም ሲል ተከራከረ።

የአንጎል ሞት ከሚረጋገጥባቸው ፍተሻዎች አንዱ ጥያቄውን ወደ እስትንፋስ ይመልሰዋል። ለታማሚው ኦክስጅን እየተሰጠ ማሽኑ ለደቂቃዎች ይለቀቃል። በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የአንጎል ግንድ ትንፋሽ እንዲሳብ እንዲያዝ የሚገፋፋው ዋናው ነገር ይህ ነው። መጠኑ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ደርሶ ደረትና ሆድ ካልተነቃነቁ ሰውየው በራሱ መተንፈስ አይችልም ይባላል።

ስለዚህ ማሽኑ የሚያመላልሰው አየር በዘፍጥረት የተነገረውን እስትንፋስ አይተካም። አሮጌው ሕግ የሚፈልገው ሰውየው ራሱ የሚተነፍሰውን ትንፋሽ ከሆነ፣ የአንጎል ግንድን መለኪያ የተቀበሉት ረቢዎች ከሕጉ አልወጡም። ልብን የያዙት ደግሞ እስትንፋስ ምልክት ነው የሚለውን ፍች ይዘዋልና መሠረት የላቸውም አይባልም። በ2008 የወጣው የእስራኤል ሕግ የአንጎልና የመተንፈስን ሞት እንደ ሞት ቢደነግግም፣ እምነቱ ይህን የማይቀበል ታማሚ ከማሽኑ እንዳይነቀል ቤተሰቡ መጠየቅ ይችላል።