የሚታዘዝህ ፈርቶ ነው አምኖ?



ግቢ የሚጠብቅ ውሻ ካላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የሚታዘዘን ዱላውን ፈርቶ ነው ወይስ እኛን አምኖ?

«ቁጭ በል» ብላችሁት እንደተቀመጠ ወዲያው ቁራጭ ሥጋ ስጡት። ከዘገያችሁ ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ሲዘልባችሁ ፊታችሁን አዙሩ፤ አትምቱት። የተመታ ውሻ የሚማረው እጅን መፍራት ነው። ዱላው ሲርቅ ትእዛዙም ይረሳል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

«ይህማ ጉቦ ነው» ትሉ ይሆናል። ጉቦ ሐቅን ያጣምማል። ይህ ግን ቋንቋችንን ለማያውቅ ፍጡር «ልክ ነህ» የምንልበት መንገድ ነው።

ሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 4 ላይ ስለ ሠለጠኑ አዳኝ እንስሳት ሲነገር፣ ሰው የሚያስተምራቸው አላህ ካሳወቀው እንደሆነ ተገልጿል። እንግዲህ ማሠልጠን ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ አማና ነው።

ምራቁ ከነካችሁ ታጠቡ። ነጃሳ ግን የመበደል ፈቃድ አይደለም። ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ የተጠማ ውሻ ያጠጣውን ሰው አላህ እንደማረው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

መናገር የማይችል ፍጡር በእጃችን ሲሆን፣ ማንነታችን ያኔ ይታያል። አላህ ከአዛኞቹ ያድርገን። ጁምዓ ሙባረክ!