«ማንን መሰለ?»

አራስ ጥየቃ የሄደ ሰው ሁሉ ሕፃኑን ገለጥ አድርጎ «ማንን መሰለ?» ማለቱ አይቀርም። አፍንጫው የአባቱ፣ ግንባሩ የአያቱ ይባላል፤ ገንፎው ይበላል። እኔም ስንቴ ብዬዋለሁ። ጨዋታው የሚመረው ሕፃኑ ማንንም ያልመሰለ ዕለት ነው። ከጠይም እናትና ከጠይም አባት ቆዳውም ፀጉሩም የነጣ ልጅ ሲወለድ ጥያቄው «ከየት አመጣችው?» ይሆናል። ልብ በሉልኝ፤ «አመጡት» አይባልም።

ይህ አልቢኒዝም ይባላል። የልጁ ሰውነት ለቆዳ፣ ለፀጉርና ለዓይን ቀለም የሚሰጠውን ሜላኒን በበቂ አያመርትም። ከየት እንደመጣ ለመረዳት ጂኖታይፕ የሚባለውን ቃል ማወቅ ይጠቅማል። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ዴንማርካዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ዮሐንሰን ነው። ሰውየው ከአንድ ቦሎቄ ከወረዱት ፍሬዎች ትልልቁንና ትንንሹን ለይቶ ቢዘራ፣ የሁለቱም ምርት መጠን በአማካይ ያው ሆነበት። ስለዚህ በዓይን ለሚታየው ፊኖታይፕ፣ በውስጥ ለሚወረሰው ጂኖታይፕ ብሎ ስም ለየላቸው።

አብዛኛውን ዘረ መል የምንይዘው በጥንድ ነው፤ አንዱን ከእናት፣ አንዱን ከአባት። ከጥንዱ አንዱ ለቀለም የማይሠራ ቢሆን ሌላው ይሸፍንለታል። ሰውየው ጠይም ሆኖ፣ ምን እንደተሸከመ ሳያውቅ ይኖራል። በአንድ ዓይነት ዘረ መል ላይ ይህን የተሸከሙ ሁለት ሰዎች ሲጋቡ፣ በየእርግዝናው ልጁ ሁለቱንም የማይሠሩትን የመውረስ ዕድሉ ከ4 አንድ ነው። አባትየው ሚስቱን የሚያማበት ንጣት እሱም ያዋጣበት ነው ማለት ነው።

ሰባት ቤት ቆጥሮ መጋባት ለዚህ ጥቅም ነበረው፤ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት የተደበቀ ዘረ መል የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ይላል። ግን ቆጠራው የሚቆጥረው ስም ነው። ባዳና ባዳም ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

ታዲያ ጥፋተኛው ማነው? አንድ ወዳጄ «ሁለቱም እኩል ናቸዋ!» አለኝ፤ ለእናቲቱ ጥብቅና የቆመ መስሎት። ግማሽ ክስም እኮ ክስ ነው! ሰው ባላወቀው፣ ባልመረጠውና አውልቆ ሊጥለው በማይችለው ነገር በምን ሕግ ይጠየቃል?

ክርክሩ እስኪያልቅ ልጁ ያድጋል። ፀሐይ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ዓይኑ ከሩቅ አጥርቶ አያይም። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም ሸሚዝ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባትና ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ መቀመጫ ያስፈልገዋል። ዘመድ አዝማዱ ግን ገና «ከየት አመጣችው?» ላይ ነው።