ከኮፈኑ ላይ የተነሣው ንስር

ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ ሥራ ፈት ሰው የሚጫወተው ጨዋታ ሊመስል ይችላል። አሮጌ ጂፕ የሚያድስ ሰው ተልጦ ያለቀውን ምልክት አንሥቶ በምትኩ አዲስ ስቲከር ሲለጥፍ፣ እውነቱን እየመለሰ ነው ወይስ እያስመሰለ? እኛ ግን ባሰብንበት ቁጥር ነገሩ ከመኪና ይልቅ ቃልን የሚመለከት ሆኖ አገኘነው።

ምሳሌያችን አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ሲጄ-7 ጂፕ ነው። የተመረተው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ሲሆን፣ ፋብሪካው የአሜሪካን ሞተርስ ኩባንያ ነበር። በ1977 «ጎልደን ኢግል»፣ ማለትም ወርቃማው ንስር የተባለው ዓይነት ወጣ። ኮፈኑ ላይ ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ንስር ተለጥፎበታል። ንስሩ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ባለቤቱ ተጨማሪ ከፍሎ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር እንደወሰደው ለአላፊ አግዳሚው ይናገር ነበር።

ፀሐይ ለማንም አታዳላምና ንስሩም ከዓመታት በኋላ ይሰነጣጠቃል። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ቀስ ብለው ሲያነሡት ግን የሚያስገርም ነገር ይታያል። በዙሪያው ያለው ቀለም ሲደበዝዝ፣ በሥሩ የተሸፈነው እንደ ጥንቱ ደማቅ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ንስሩ ከሄደ በኋላም ቅርጹ ኮፈኑ ላይ ይቀራል። አስተዋይ አዳሽ ይህን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ከጠርዝ እስከ ክንፉ ጫፍ ያለውን ርቀትም ለክቶ ይጽፋል። መኪናው አንዴ ከተቀባ ያ ቅርጽ ተመልሶ አይገኝም።

አለጣጠፉ ትዕግሥት ይጠይቃል። አዲስ ቀለም በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ያለው ቲነር ተኖ ስላላለቀ፣ ሳምንታት ሳይጠብቅ የቸኮለ ሰው በኋላ አረፋ ይነሣበታል። ኮፈኑ በአልኮል ይጸዳል፤ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውሃ ይረጭበታል፤ ስቲከሩ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ቦታውን ይይዛል። ከዚያ ውሃው ከመሐል ወደ ዳር በፕላስቲክ ይገፋል። በጠራራ ፀሐይ የሚሞክረው ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ንስር በነበረበት ጂፕ ላይ ንስር መመለስን አንነቅፍም። ንስር ባልነበረበት ተራ ጂፕ ላይስ? ቅጂው በገበያ ይሸጣል፤ ማንም ገዝቶ መለጠፍ ይችላል። ለራሱ ደስታ ካደረገው ማንን ጎዳ? ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ለሽያጭ ሲቀርብ ነው። የጥንት የእስራኤል ሊቃውንት ይህን አውቀውታል። በሚሽና ውስጥ ባቫ መጺዓ በተባለው ክፍል የሚሸጥን ዕቃ ማሳመር ተከልክሏል፤ ታልሙድም አዲሱን ዕቃ መቀባት ይፈቀዳል፣ አሮጌውን ግን አይፈቀድም ብሎ ይለያል። ገዢውን የሚያታልለው አሮጌው ነዋ።

«ገዢው ይጠይቅ፣ እኔ አልዋሸሁም» የሚል አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ይህ መልስ አይበቃም። ሻጩ ዝም ሲል ንስሩ ስለ እርሱ ይናገራል። ከዚህ የከበደውም አለ፤ ሻጩ እውነቱን ለመጀመሪያው ገዢ ቢነግር፣ ያ ገዢ ደግሞ ለሁለተኛው ሳይነግር ቢሸጥ፣ ሦስተኛው ሰው ባልነበረ ነገር ገንዘቡን ይከፍላል። ማንም በአፉ ሳይዋሽ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመው ገንዘብ ሊሄድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ የተጻፈው የቬኒስ ቻርተር፣ በጎደለው ፋንታ የሚተካው ከቀረው ጋር ይስማማ፣ ከጥንቱ ግን ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ጂፕ ቤተ መንግሥት አይደለም፤ ቢሆንም ከኮፈኑ ሥር በማይታይበት ቦታ «ይህ ንስር በዚህ ዓመት ተተካ» ወይም «ይህ መኪና ንስር አልነበረውም» ብሎ በማይለቅ ቀለም መጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አንድ ነገር ላይ ግን ሳንስማማ ቀርተናል። አባቱ የነዳውን ጂፕ የወረሰ ልጅ ቢኖርና ንስሩ ግማሹ ተልጦ፣ ግራ ክንፉ ብቻ ቢቀር፣ ይተካው? ከፊሎቻችን አባቱ በጎልማሳነቱ ያየው ሙሉ ንስር ነበርና ይመለስ እንላለን። ከፊሎቻችን ደግሞ ያንን ክንፍ ባነሣው ነበር እንላለን፤ ግን የፀጉር ማድረቂያውን ይዘን ኮፈኑ ፊት ብንቆም እጃችን እሺ ይለን እንደሆነ እንጃ።