ልብህ ወዴት ዋለ? ስለ ልብ መሰብሰብና ስለ ደስታ የተሰጠ ምክር

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ደስታን የማይሻ ሰው ከቶ አይገኝም። ነጋዴው በትርፉ፥ ገበሬው በመከሩ፥ እናትም በልጇ ማደግ ትሻዋለች። ነገር ግን ደስታችንን የቀጠርንበትን ቀን ብንመረምር፥ አብዛኛውን ጊዜ ለነገ ሆኖ እናገኘዋለን። «ቤቱ ሲያልቅ፥ ልጁ ሲመረቅ፥ ዕዳው ሲከፈል፥ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል» እንላለን። ቤቱ ያልቃል፤ ልብ ግን ወደ አጥሩ ይሄዳል። አጥሩም ታጥሮ ሲያበቃ ልብ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ የጎረቤትን ቤት ይመለከታል። እንዲህም ሆኖ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደስታን ደጅ ሲጠና ይኖራል፤ ደጁም የሌላ ሰው ደጅ ሳይሆን የራሱ ነው።

አባቶቻችን በቋንቋችን ውስጥ ስለዚህ ነገር ታላቅ እውቀት አኑረዋል። አንዱ ሌላውን «አስተውል» ሊለው ሲወድ «ልብ በል» ይለዋል። ልጅ አድጎ ነገርን መለየት ሲጀምር «ልብ ገዛ» ይባላል። እየሰማ የማይሰማውን ሰው ደግሞ «ልቡ እዚህ የለም» እንላለን። እንግዲህ ዓይን ሳይታወር፥ ጆሮም ሳይደነቍር፥ ልብ ብቻውን ከሥፍራው ሊታጣ እንዲችል አማርኛችን ራሱ ይመሰክራል። እኔም በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናገር የምወደው ይህን ነው፤ ከደስታችን የሚበዛውን የሚሰርቀን ድህነት ወይም ጠላት ብቻ አይደለም፥ የልባችን ከቤቱ መጥፋት ነው እንጂ።

ይህንም የሥነ ልቡና ሊቃውንት በጥናት መርምረውታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 (ከዚህም በኋላ የሚጻፈው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ሊቃውንት 2,250 ሰዎችን በስልካቸው አማካይነት በቀን ውስጥ ባልታሰበ ሰዓት ይጠይቋቸው ነበር። ጥያቄውም፥ አሁን ምን ታደርጋለህ? ልብህስ በምታደርገው ላይ ነው ወይስ ሌላ ነገር ያስባል? ደስታህስ ምን ያህል ነው? የሚል ነበር። መልሱ ሲደመር፥ ከመቶው 47 በሚያህለው ጊዜ የሰዎቹ ልብ ከሥራቸው ርቆ ተገኘ። ልባቸው በራቀበት ጊዜም ደስታቸው ያነሰ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን ይህ ነው፤ ልቡ ወደ መልካም ነገር የሄደበት ሰው እንኳ በሥራው ላይ ልቡን ከሰበሰበው ሰው የበለጠ ደስታ አላገኘም። ወደ ክፉ ነገር የሄደበትስ እጅግ ባሰበት። ስለዚህ «መልካም ሕልም እያለምሁ ልዋል» የሚል ሰው ትርፍ የሌለው ንግድ ይነግዳል።

ይህ እውቀት ግን አዲስ አይደለም። በ399 ያረፈው የጳንጦሱ አባ ኤዋግሪስ በግብፅ በረሃ ከመነኮሳት ጋር ሲኖር፥ የሰውን ልብ የሚያስጨንቁትን ስምንት አሳቦች ለይቶ ጽፎ ነበር። ከእነርሱም አንዱ የመታከት መንፈስ ነው። ይህ መንፈስ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ በመነኩሴው ላይ ይበረታል ይላል። ፀሐይዋ የቆመች፥ ቀኑም ሃምሳ ሰዓት ያለው ይመስለዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ደርሶ ማዕድ ይቀርብ እንደ ሆነ እያለ ደጋግሞ ወደ ውጭ ይመለከታል። ወንድም ይመጣ ይሆን ብሎ መንገዱን ያያል፤ በዓቱን ይጠላል፤ የእጁን ሥራ ይጠላል፤ በሌላ አገር ብሆን በቀና ነበር ይላል። (የአባ ኤዋግሪስ ሰዓት የኛው ሰዓት ነው፤ ከጠዋት ይቈጠራልና ማስተርጐም አያስፈልገንም።) አንባቢ ሆይ፥ ይህ የዛሬው ሰው መልክ አይደለምን? በዓቱ ቢሮ ሆነ፥ መንገዱም ስልክ ሆነ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ አንሥተን እናየዋለን? ማን ይመጣ ይሆን ብለን አይደለምን?

በእኛ ዘመን ደግሞ ጆን ካባት ዚን የተባለ ሰው በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቤት፥ ሕመማቸው አልለቅ ላላቸው ሰዎች ልብን በእስትንፋስና በሰውነት ላይ መሰብሰብን ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። ከቡድሃ ተከታዮች የተማረውን ልማድ ወስዶ ሃይማኖቱን ትቶ ነው ያስተማረው። ስለዚህ አንዳንድ ምእመናን «ይህ የእኛ አይደለም» ይላሉ። መጠንቀቃቸውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ልብን መሰብሰብ የማንም ሃይማኖት ንብረት አይደለም፤ መብላትና መተኛት የማንም እንዳልሆኑ ሁሉ። የሚለየው ልብ ከተሰበሰበ በኋላ ወደ ማን እንደሚመለከት ነው። ዓይኑን ከድኖ፥ እጁን ዘርግቶ፥ ልቡ መርካቶ ሲዞር የሚውል ክርስቲያን፥ በስም ይጸልያል እንጂ በጸሎቱ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሥራህን በምትሠራበት ጊዜ እጅህ ባለበት ሥፍራ ልብህን አኑር። እንጀራ ስትጋግሪ ምጣዱን፥ ስታርስ ፈሩን፥ ስትጽፍ ቃሉን ተመልከት። በቀን ሦስት ጊዜ ጥቂት ቁምና እስትንፋስህን አስተውል፤ እርሱን የሰጠህንም አስብ። ልብህ መሄዱ አይቀርም፤ ሲሄድም አትጣላው። እረኛው ልጅ ጥጃ ከእህሉ በገባበት ጊዜ ቀስ ብሎ ይመልሰዋል፤ ደግሞም ይገባል፥ ደግሞም ይመልሰዋል፤ ሥራው ይኸው ነውና። ዊሊያም ጄምስ የተባለው የአሜሪካ ሊቅ በ1890 በታተመው የሥነ ልቡና መጽሐፉ፥ የባዘነን ልብ ደጋግሞ መመለስ መቻል የማስተዋልና የጠባይ ሥር መሆኑን ጽፏል። ይህን የሚያስተምር ትምህርት ከሁሉ የበለጠ እንደሚሆንም አመለከተ፤ ግን እንዴት እንደሚሰጥ መናገር ቀላል እንዳልሆነ አልሸሸገም።

ስለ ምስጋናም አንድ ነገር ልጨምር። በ2003 ሮበርት ኤመንስና ማይክል መክላው፥ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች የጻፉ ሰዎች፥ የሚያስመርራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንደ ነበራቸው አሳዩ። እኛስ? «እንዴት አደርክ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን»፥ «ልጆች ደኅና ናቸው?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» እንላለን። ከማለዳ እስከ ማታ አፋችን ያመሰግናል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የሰላምታ ሀብት ያለው ሕዝብ ጥቂት ይመስለኛል። ነገር ግን አፍ ሲያመሰግን ልብ ስለ ምን እንደ ሆነ አያውቅም። ነገ ጠዋት ጎረቤትህ ሲጠይቅህ፥ ከመመለስህ በፊት የምታመሰግንበትን አንድ ነገር በልብህ ጥራ፤ እግርህ መራመዱን፥ ወይም ሌሊቱን ሕፃኑ ሳያለቅስ ማደሩን።

ነገር ግን ይህን ትምህርት ለሰው መጫኛ አናድርገው። ደመወዙ የተከለከለውን ሠራተኛ «ልብህን ሰብስብ፥ ደስ ይልሃል» የሚል ሰው መካሪ ሳይሆን የከልካዩ ረዳት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ስለ ተከለከለ ደመወዝ የጻፈው ለባለጠጎች ተግሣጽ ነው እንጂ ለሠራተኞች የዝምታ ትእዛዝ አይደለም። ሐዘንተኛውንም አታስቸኵሉት፤ ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል።

ስለ ታመሙትም ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ድባቴ የሚባለው የሐዘን ሕመም የእምነት ጕድለት አይደለም። ወራት ሙሉ የማይተኛውን፥ ምግብ የማይቀምሰውን፥ ሞትን የሚመኘውን ሰው «ጸሎትህ አንሷል» ብሎ መዝለፍ፥ የተሰበረ እግር ያለውን ሰው ሩጥ ማለት ነው። ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ መድኃኒትም ቢታዘዝለት ይውሰድ። በ2000 ጆን ቲዝዴልና ባልንጀሮቹ ከዚህ ሕመም የዳኑ 145 ሰዎችን በተመለከቱበት ጥናት፥ ሕመሙ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ይዟቸው ከነበሩት መካከል፥ በተለመደው ሕክምና ብቻ ከኖሩት ከመቶ 66 የሚሆኑት እንደ ገና ታመሙ፤ ልብ መሰብሰብን የተማሩት ግን ከመቶ 37 ነበሩ። 2 ጊዜ ብቻ ለታመሙት ግን ትምህርቱ ጥቅም አላሳየም። እንግዲህ ለሚገባው ሰው መልካም ረዳት ነው፤ ለሁሉ የሚሆን መድኃኒት ግን አይደለም፥ ሐኪምንም አይተካም።

አሁን ማርታን እናስብ። በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ ጌታ ወደ ቤቷ በገባ ጊዜ፥ እኅቷ ማርያም በእግሩ አጠገብ ስትቀመጥ፥ እርስዋ በአገልግሎት ብዛት ባከነች። ወንጌላዊው የጻፈው የግሪክ ቃል ወዲያና ወዲህ መጐተትን ያመለክታል። እጅዋ በድስቱ ላይ ነበረ፤ ልብዋ ግን በእኅቷ ላይ፥ በቍጣዋም ላይ፥ እንግዳው በሚላት ነገር ላይ ነበረ። ብዙ ሰባኪዎች በዚህ ቦታ ማርታን ሥራ ስለ ወደደች ይነቅፏታል። ጌታ ግን የነቀፈው መጨነቅዋንና በብዙ ነገር መታወክዋን ነው፥ ወጡን አይደለም። ይህም እንዲታወቅ የዮሐንስን ወንጌል 12ኛውን ምዕራፍ ክፈቱ። ፋሲካ ሊደርስ ስድስት ቀን ሲቀረው በቢታንያ እራት ተደርጎ፥ አልዓዛርም በማዕድ ተቀምጦ፥ ያቺው ማርታ ዳግመኛ ታገለግላለች። ማርያምም ዳግመኛ በጌታ እግር አጠገብ ናት። ያን ጊዜ ስለ ሽቱው ያጕረመረመ ሌላ ሰው ነበረ፤ ስለ ማርታ ግን ማገልገልዋ ብቻ ተጽፏል።